ኮምቢዋ ባሕር ውስጥ የቆመች ቀን

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ እያልኩ ስለምመልስላቸው አሁን መጠየቁንም ትተውታል። ደርግ ነበር፤ እሱ አይጠፋኝም። ስኳር በቀበሌ፣ ቤንዚን በኩፖን የነበረበት ጊዜ ነው። የከፋው አለፈ ይባል ነበር፤ ሰው ግን ገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ወሩም ኅዳር ይሁን ታኅሣሥ እንጃ። ከገርጂ ስንነሣ ሜዳው ላይ ውርጭ እንደነበረና ሾፌሩ መስታወቱን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ እንዳየሁት ግን ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

እኔ የመኪና ወንበር ሰፊ ነበርኩ። ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ፤ ውስጧ አንድ የስፌት መኪና፣ ስፖንጅና ሌዘር። ያን ጊዜ ገርጂ ባሕር ዛፍና የጤፍ ማሳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥና መርፌዬ መስመር ይስት ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። እና ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

ጓደኞቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የትግራይ ሰው ነው፤ ቦሌ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ ሰው ሳያስቅ አይወጣም። ሁለተኛው ከወሎ የመጣ ሙስሊም ባለሱቅ ነው፤ ሱቁ ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እሱ ዝምተኛ ነው። ሾፌሩ ሲቀልድ እንኳ ጥርሱን ከፈት አድርጎ ዝም ነው። ከእናቱ ጋር ነበር የሚኖረው። እማማ እንላቸዋለን። ሱቁ ውስጥ ከጆንያዎቹ አጠገብ ባለች ዱካ ላይ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ይውላሉ።

ሾፌሩ ሥራ ሲቀጠር ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ። የመንግሥት መኪና የሚይዝ ሰው ቤት ያለው ዋስ እንዲያመጣ ይጠየቃል፤ እኔ ደግሞ ከአባቴ የወረስኳት ቤት ነበረችኝ። ስፈርም የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መነጽሩን አውልቆ፣ «መኪናው ላይ አንድ ነገር ቢደርስ መጀመሪያ የምንጠራው አንተን ነው። ገባህ?» አለኝ። «ገብቶኛል» አልኩት። ያን ዘመን የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ሰው ካሣ ክፈል ተብሎ ብቻ አይለቀቅም። አሻጥር ይባላል። ከሰፈራችን አንድ የመጋዘን ጠባቂ በዚሁ ቃል ተወሰደ። ሚስቱ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች፤ አንድ ቀን ስንቁን ሳይቀበሉ መለሱላት። እቃዋን ይዛ በደጃችን ስታልፍ አየኋት። ምን ሆነ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ የስንቅ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እንግዲህ መኪናዋ ኮምቢ ነበረች፤ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ ሆዷ ሰፊ። አንድ የፈረንጅ መሐንዲስ ይኖርባት ነበር ማለት ይቻላል። ውስጧ የሚታጠፍ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ፣ ዙሪያዋን መጋረጃ አላት። ለውጡ ሲመጣ ሰውየው ጥሏት ሄደ፤ መንግሥት ወረሳት። ፍራሿንና መጋረጃዋን ያደስኩት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን ስፌት አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ሾፌሩ ሱቁ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«ዓሰብ እየላኩኝ ነው» አለ። «መለዋወጫ ላመጣ። ፒክአፖቹ ሁሉ ዘመቻ ላይ ስለሆኑ ኮምቢዋን ውሰድ ተባልኩ። ጫኝና አውራጅ ሁለት ሰው ፈልግ ብለውኛል።»

«አገኘህ?» አልኩት።

«አግኝቻለሁ። አንተና እሱ።»

ባለሱቁ ከሚዛኑ ቀና አለ። እኔ ሣቅሁ። «እኔ ምን ልሠራ ዓሰብ?»

«ባሕር ሳናይ ልንሞት ነው?»

«ላንጋኖን አይቻለሁ።»

«ላንጋኖ እኮ ልጁ ነው። ና አባትየውን ላሳይህ!»

ያን ጊዜ ከጆንያዎቹ ጥግ የእማማ ድምፅ መጣ። «እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ» አሉ። ባለቤታቸው በጃንሆይ ጊዜ ዓሰብ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። ወጣት ሳሉ አብረውት እዚያ ኖረዋል፤ እሱም እዚያው ነው የተቀበረው። መቃብሩን ካዩት ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ልጃቸው፣ «እማዬ፣ ሙቀቱን ይችሉታል?» ሲላቸው፣ «አንተን የወለድኩህ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነው» አሉት። በዚያ አለቀ።

ቀበሌ ሄደን የይለፍ ወረቀት ስናወጣ ጀምሮ እኔ ፍርሃት ይዞኛል። ሊቀመንበሩ ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ ይዞ፣ «አንተ ወንበር ሰፊ አይደለህም እንዴ? መቼ ነው ጫኝ የሆንከው?» አለኝ። «ዘንድሮ ሥራ ቀዘቀዘ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ማኅተሙን መታው። ከቢሮው ስወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

መንገዱ ደግሞ ሌላ ነው። ከቢሾፍቱ እስከ አዋሽ ያለው ደህና ነበር፤ አዋሽ ኬላ ላይ ግን መጋረጃችን ጉድ ሊያደርገን ነበር። መጋረጃ የተዘጋበት መኪና ያን ዘመን ማንም አይወድም፤ ውስጡ ማን እንዳለ አይታወቅማ። አንድ ወጣት ወታደር ጠመንጃውን ወደ ፊት አድርጎ በሩን ከፈተው። እማማ አልጋው ላይ እግራቸውን አጥፈው ሙስበሃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያ ተጥዷል።

«ይሄ ምንድነው? ሆቴል ነው?» አለ ወታደሩ።

«ግባ ልጄ» አሉት። «ፀሐይ ላይ ቆመህ ዋልክ። ሻይ ፈልቷል።»

ልጁ ግራ ገባው። ዞር ብሎ አለቃውን አየ፣ እኛን አየ። «እለፉ፣ እለፉ» አለ። ሾፌሩ ኬላውን ካለፍን በኋላ፣ «እማማ፣ እርስዎን መሥሪያ ቤቱ ቢቀጥር ይሻለዋል» አላቸው። እኔ ግን እስከ ገዋኔ ድረስ ወደ ኋላ ዞር እያልኩ አያለሁ። እሳቸው አይተውኝ ነበር መሰለኝ፣ ከኋላ ሆነው ሻዩን ለእኔ አቀበሉኝ።

ሾፌሩና እኔ የክርስቲያን ሥጋ፣ እነሱ የእስላም ሥጋ ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ከአንድ ትሪ የምንበላው ሽሮና ዳቦ ነበር። ሾፌሩ ሚሌ ላይ ተማረረ። «ባሕር ስንደርስ ዓሣ አበላችኋለሁ» አለ። «ዓሣ አይታረድም፣ ማንም አይባርከውም። እሱ ላይ ሁላችንም እንገናኛለን።» ይህን ያነሣሁት በኋላ ያመጣብን ጣጣ ስላለ ነው።

ከሚሌ ወዲያ ያለው አገር የጥቁር ድንጋይ አገር ነው። ዛፍ የለ፣ ሰው የለ፤ ከወደብ የሚመለሱት ተሳቢዎች ብቻ አቧራቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ። ሙቀቱ የኮምቢዋን ቆርቆሮ አቃጠለው። ዓሰብ ገብተን ወደቡ ላይ ስንጠይቅ ሣጥኖቹ ገና ከመርከብ አልወረዱም፣ ነገ ኑ ተባልን። በማግሥቱ በጠዋት መቃብሩን አየን። እማማ ድንጋዮቹን በእጃቸው አስተካከሉ፣ ዱዓቸውን አደረጉ፣ ከዚያ ሳያለቅሱ፣ «በቃኝ፤ አሁን እንቅልፌ መጥቷል» አሉ። አልጋው ላይ ጋደም እንዳሉ ተኙ። ሌሊቱን በሙቀቱ ምክንያት ዓይናቸውን አልከደኑም ነበር።

ሾፌሩ፣ «እስኪ አባትየውን እንየው» ብሎ ከከተማው ወጣ ወዳለ ዳርቻ ነዳ።

ባሕሩን መጀመሪያ ሳየው ምን እንዳልኩ አላውቅም።  ማዶ የለውም። ላንጋኖ ማዶ አለው፤ ተራራው ይታያል፣ ሰው እዚያም ይኖራል ትላለህ። ይሄ ግን ሰማይ ላይ ሄዶ ነው የሚያልቀው። ውሃው ደግሞ ሩቅ ነበር። ከእኛ እስከ ውሃው ድረስ እርጥብ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ አስፋልት የጠና አሸዋ ተዘርግቷል።

«ይሄ መንገድ ከቦሌ መንገድ ይሻላል» አለ ሾፌሩና ቁልቁል ነዳት። ውሃው አጠገብ ደርሶ አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አድርጎ አቆማት። «ከመስታወቱ ሆኜ ሳየው ልዋል» አለ።

ማንኛችንም አልከለከልነውም። ምን ብለን? እኛ የምናውቀው ውሃ ሐይቅ ነው። የቢሾፍቱ ሰው መኪናውን ሐይቅ ዳር አቁሞ ምሳውን በልቶ፣ ተኝቶ ሲነሣ ሐይቁ እዚያው ነው። ውሃ ከቦታው ተነሥቶ ይመጣል ብሎ የሚያስብ ደገኛ የለም። አንድ ሰው ነበሩ የሚያውቁት፤ እሳቸው ደግሞ ተኝተዋል። ትልቅ ሰው ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም። መጋረጃውን በቀስታ ዘጋንላቸው፣ ድምፃችንን ቀነስን።

ሩቅ፣ ከዳርቻው ጫፍ፣ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ይታያሉ። ሾፌሩና ባለሱቁ ዓሣ ልንገዛ ብለው በእግራቸው ሄዱ። እኔ የመጋረጃው ጠርዝ ተተርትሯል፣ እሱን ልስፋ ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ለመናገር እዚያ ውሃ አጠገብ በባዶ እግሬ መሄድ አልፈለግሁም። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ጥቂት ሰፋሁ። ነፋሱ ለብ ያለ ነበር። መርፌውን ይዤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። ከእግሬ በታች፣ ከወለሉ ሥር፣ አንድ ነገር ጠፍ፣ ጠፍ ያደርጋል። መጀመሪያ ፍየል መሰለኝ፤ ፍየል መኪና ሥር ገብታ የምትታከክ። ከዚያ ቀና ስል ፊቴ ሁሉ ውሃ ነው። በቀኝም ውሃ ነው። በግራም። ወደ ኋላ ዞሬ በመስታወቱ ሳይ የመጣንበት አሸዋ የለም። የጎማችን ፈለግ የለም። ዳርቻው ያ ወዲያ ሆኗል።

 አንድ ሞገድ መጥቶ ኮምቢዋን በጎኗ ገፋ አደረጋት፤ ተንቀሳቀሰች። ትንሽ ናት፣ ግን ተንቀሳቀሰች። እጄ መሪውን ያዘ። መንዳት አልችልም፤ ቁልፉም ሾፌሩ ኪስ ነው፤ እንዲሁ መሪውን ያዝኩ። የመጣብኝ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ነው፣ መነጽሩን ሲያወልቅ። የመጋዘን ጠባቂው ሚስት ናት፣ እቃዋን ይዛ ስትመለስ። የእኔ ሚስት ያንን እቃ ይዛ ስትመጣ ታየችኝ። መድኃኔዓለም አባቴ አልኩ፣ ድምፄ ግን አልወጣም። ልውጣ ብልስ? በሩን ብከፍተው ውሃው ይገባል። ብወርድ ከታች ምን እንዳለ አላውቅም። እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ከኋላ መጋረጃው ተገለጠ።

«ማነው እዚህ ያቆማት?» አሉ እማማ።

«ሾፌሩ ነው እማማ። ውሃው ሩቅ ነበር...»

«ሲሄድ አይታችሁ የሚቀር መሰላችሁ? ወይ የደጋ ሰው!» አንገታቸውን አውጥተው አዩ። «ገና ይጨምራል። ና እንውረድ። ወገብ ድረስ ነው፤ አያሰምጥም።»

«እሺ» አልኩ። አልተንቀሳቀስኩም።

«ና እንጂ ልጄ።»

«እሺ እማማ።» እጄ መሪው ላይ ነው።

ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ጣቶቼን እያዩ እንደነበር አሁን ነው የሚገባኝ። መሪውን አንቀው ይዘውታል። ከዚያ ድምፃቸውን ለወጡት፤ ቀሰስ አደረጉት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ፈርቻለሁ። ጉልበቴም ዛሬ አይረዳኝም። አንተ ካላዘልከኝ እዚሁ መቅረቴ ነው።»

እንግዲህ ምን ትላለህ? የጓደኛህ እናት፣ አሮጊት፣ እዘለኝ ስትልህ? እጄ ከመሪው ተላቀቀ። በሩን ከፈትኩ፣ ውሃው እግሬ ላይ መጣ፣ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። እንደ ሕፃን ቀለው ታዘሉ፤ ነጠላቸው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ከመኪናዋ ወዲህ አሸዋው ጎድጎድ ይላልና ውሃው ወገቤን ያዘኝ። ሞቃት ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፣ ሕይወት ያለው ነገር ይመስላል።

«እግርህን አታንሣ» አሉኝ በጆሮዬ። «አሸዋው ላይ እየጎተትክ ሂድ። አሸዋ ውስጥ የምትተኛ ጅራተ መርዝ ዓሣ አለች፤ ከላይ ካልረገጥካት ሸሽታ ትሄዳለች።»

«እማማ፣ ይሄንን አሁን ነው የሚነግሩኝ?»

«ቅድም ብነግርህ ትወርድ ነበር? ጎትት። አብሽር። ጎትት።»

እየጎተትኩ ሄድኩ። አብሽር ይሉኛል፣ እጎትታለሁ። አንድ ጊዜ ጉድጓድ መሰለኝና ቆምኩ፤ በተረከዛቸው ጎኔን ነካ አደረጉኝ፣ በቅሎ እንደሚነዳ ሰው። ዳርቻው ላይ ደርሰን ሳወርዳቸው ነጠላቸውን አራግፈው፣ ቀሚሳቸውን ጨምቀው፣ ዘቅዘቅ ያለውን አሸዋ ቀጥ ብለው ወጡት። ጉልበታቸው ምንም አልነበረውም። ያን ጊዜ ግን ይህን ልብ ለማለት ጊዜ አላገኘሁም፤ ከጀልባዎቹ በኩል የወታደር መኪና እየመጣ ነበር።

ሾፌሩና ባለሱቁ ከኋላ ተጭነዋል። ሾፌሩ በእጁ በክር የታሠረ ዓሣ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከፊት አንድ አሥር አለቃ ወረደ፤ ቀጠን ያለ፣ ከንፈሩ በፀሐይ የተሰነጠቀ።

«እነዚህን ታውቃቸዋለህ?» አለኝ።

«ጓደኞቼ ናቸው ጌታዬ።»

«ከጀልባ ሰዎች ጋር ሲነጋገሩ ነው ያገኘናቸው። ጀልባ ሊከራዩ።»

«ዓሣ ነው የገዛነው» አለ ባለሱቁ በቀስታ። «ከአንድ ትሪ እንድንበላ ነው።»

አሥር አለቃው ይህን ሳይሰማ ወደ ባሕሩ አየ። ኮምቢዋ መጋረጃዋን እንደዘጋች፣ አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ አድርጋ፣ ውሃ ውስጥ ቆማለች። 

«ወዴት ልትሄዱ ነበር?» አለ። «ማዶው የመን መሆኑን ታውቃላችሁ?»

«ኧረ ጌታዬ» አለ ሾፌሩ፣ ልማዱ አልለቀው ብሎ፤ «ይቺ እንኳን የመን፣ ሚሌም በግድ ነው የደረሰችው!»

«ዝም በል! ቀልድ አማረህ?» አንዱ ወታደር ዓሣውን ከእጁ ነጥቆ አሸዋው ላይ ወረወረው። አገር ጥለው በባሕር ሊኮበልሉ ተብለው የተያዙ ሰዎች ነገር እኛም ሰምተናል። ንብረት ማጥፋቱን ረሳሁት ማለት ይቻላል፤ ወይም ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ። የመንግሥት መኪና ይዘው ሊኮበልሉ። ዋሱ ማነው? እኔ።

«ወረቀታችሁ?»

«መኪናዋ ውስጥ ነው» አለ ሾፌሩ። «ከፊት ወንበሩ ትይዩ ካለው ሣጥን።»

«አንተ ከዚህ አትንቀሳቀስም።» ጣቱን ወደ እኔ አደረገ። «አንተ። አምጣ።»

ውሃውን አየሁት። ጨምሯል፤ የኮምቢዋን ጎማ ከግማሽ በላይ ውጦታል። ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ወገቤን የያዘኝ አሁን ደረቴ ላይ ይመጣል። ባለሱቁ፣ «እኔ ልሂድ» ቢል ዝም በል ተባለ። ዞር ብዬ እማማን አየሁ። በዚህ ጊዜ እዘለኝ አላሉም። አገጫቸውን ብቻ ወደ ባሕሩ ነቀነቁ።

ገባሁ። ብቻዬን ስገባ የተለየ ነው፤ ጀርባ ላይ ክብደት የለም፣ ሞገዱ እንደፈለገ ያወዛውዛል። ከኋላዬ ወታደር ጠመንጃ ይዟል፣ ከፊቴ ማዶ የሌለው ውሃ ነው። መሃል ላይ ስደርስ አንድ ሞገድ አፌ ውስጥ ገባ፤ ጨዉ ጉሮሮዬን ላጠው። ቆምኩ። ያን ጊዜ ከዳርቻው ድምፃቸው መጣ፤ ያን ያህል ድምፅ ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

«ጎትት! አብሽር ልጄ! ጎትት!»

ጎተትኩ። ኮምቢዋ ጋ ስደርስ ወለሏ ላይ ውሃ ገብቶ ጫማዬ ውስጡ ይንሳፈፋል፤ የመርፌ ቆርቆሮዬም እንዲሁ። ወረቀቶቹን ከሣጥኑ አውጥቼ በጥርሴ ነከስኳቸው፤ እጄን አላመንኩትም። ሲመለሱ መንገዱ ያጥራል ይባላል፤ ለእኔ አላጠረም። ግን ድምፃቸው ነበር፣ እሱን ይዤ ወጣሁ።

አሥር አለቃው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየ። ጠርዛቸው ርሷል፣ ማኅተሞቹ ግን ይነበባሉ። በእማማ ወረቀት ላይ ቆየ።

«ዘመድ መቃብር ለመጎብኘት ይላል።»

«ባለቤቴ ነው» አሉት። «እዚህ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም ኖሮ እዚሁ ሞተ። ጠዋት አይቼው መጣሁ። አንተ የማን አገር ልጅ ነህ?»

«የመንዝ ነኝ።»

«እና አንተ መጀመሪያ ስትመጣ ባሕር እንደሚሄድ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?»

አሥር አለቃው ወረቀቱን አጠፈ። ከኋላው አንዱ ወታደር ሳቅ አፈነ። «አሥር አለቃ፣ ያ ባሕሩ የወሰደው ድንኳናችን እኮ...» ሲል፣ «ዝም በል አንተ!» ብሎ ጮኸበት፤ ግን የራሱም ከንፈር ተንቀጥቅጧል። ከዚያ ወደ እማማ ዞረ።

«እርስዎ ያውቃሉ አይደል? እያወቁ እንዴት እዚህ እንዲያቆሙ ፈቀዱ?»

«ተኝቼ ነበር ልጄ። አልቀሰቀሱኝም። አክብረውኝ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ወታደሮቹም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጭ ነበር፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት። እማማ የተጨመቀ ነጠላቸውን አምጥተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ባሕሩ እንደመጣው ሄደ። ውሃው ሲርቅ ኮምቢዋ ጎማዋ ድረስ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ ቀረች። ወታደሮቹ በመኪናቸው ካቦ አሥረው ጎተቷት። ሞተሯ ከኋላ፣ ወደ ዳርቻው በኩል ስለነበር ውሃው አልደረሰበትም፤ ሾፌሩ ባሕሩን በመስታወት ልይ ባለው ምክንያት ተረፍን። ስትነሣ ሾፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ቆየ። አሥር አለቃው ዓሣውን ከአሸዋው አንሥቶ አራግፎ ሰጠው። ያን ቀን ማንም አልበላውም።

ፍርሃቱ ግን እዚያ አልቀረም፤ አብሮን ተሳፈረ። ሣጥኖቹን ጭነን እስከ ገርጂ ስንመለስ ስለ ጨዉ ነበር የማስበው። ብረት ይበላል ይባላል። ቤት ስገባ ወንበሮቹን ፈትቼ ስፖንጁን አወጣሁ፤ በወንዝ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ ቆርቆሮው ላይ አሰጣሁት። ሚስቴ መጥታ ስፖንጁን ነካችና ጣቷን ቀመሰች።

«ጨው ነው» አለች።

«ዝም በይ» አልኳት።  ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃችን መኪና በቆመ ቁጥር እሷም እንደ እኔ ቀና ትል ነበር።

ሾፌሩ መኪናዋን ሲያስረክብ አብሬው ሄድኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ዞራት፣ ጎማዋን በእግሩ መታ፣ በሩን ከፍቶ ጎንበስ አለ። «ምንድነው የሚሸተው?» አለ።

«ዓሣ ነው ጌታዬ» አለ ሾፌሩ። «ዓሰብ አይደል የላካችሁኝ?»

ኃላፊው እኔን አየኝ። እኔ ወንበሩን አየሁ፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። መነጽሩን ሳያወልቅ ገባ ብሎ ፈረመ። ዝገቱ ከሥሯ እየበላት እንደነበር አውቅ ነበር። ነገር ግን ዝገቱ ወለሉን ከመብሳቱ በፊት መንግሥቱ ራሱ ሄደ፤ እኔን የጠራኝ ሰው የለም።

በኋላ አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ከእማማ ጋር ብቻችንን ሆንን። «እማማ፣ ያን ቀን እውነት ፈርተው ነበር?» አልኳቸው።

ሙስበሃቸውን አላቆሙም። «እኔ? ባሕር? ኧረ ምን በወጣኝ። አንተ ግን እስከ ዛሬ መሪህን ይዘህ እዚያ ትቀመጥ ነበር።»

አሁን ከልጄ ጋር ቦሌ አራብሳ ነው የምኖረው፤ አራተኛ ፎቅ። ሾፌሩም ባለሱቁም ሄደዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ አልታዘዝ ይለኛል፣ መብራት ሲጠፋማ ይብሳል። ያን ጊዜ እግሬን አላነሣም፤ እየጎተትኩ እወርዳለሁ። የልጅ ልጆቼ፣ «አያቴ፣ ማነው እንደዚህ መውረድ ያስተማረህ?» ይሉኛል። የገርጂው ባለሱቅ እናት ናቸው እላቸዋለሁ።